ያለ ክር የሮጠ መርፌ

ነገሩ ከመለወጡ በፊት የነበረው ሁኔታ እንዲህ ነው።

መርሳ ከተማ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ የሐጂ ሙሐመድዘይን የኪራይ ክፍሎች ተደርድረዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚለያዩት በኮምፖርሳቶ ግድግዳ ነው። በአንደኛው ክፍል ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፣ እርሳሶች የቆሙበት ብርጭቆ እና ናጅዋ ነበሩ። በሁለተኛው ክፍል በእግር የሚረገጥ ስፌት መኪና፣ በምስማር የተንጠለጠሉ ያላለቁ ልብሶች እና ኡበይደላ ነበሩ። ግድግዳው ቀጭን ነው። ኡበይደላ መቀሱን ሲያስቀምጥ ናጅዋ ትሰማለች፤ ናጅዋ ስታነብ ኡበይደላ ይሰማል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ግን አንስተውት አያውቁም።

ናጅዋ የሐጂ ልጅ ናት። አዲስ አበባ በአንድ የመድን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ስትለቅ የኮሙኒኬሽን ክፍል ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ሌሎች የጻፉትን እያየች መፈረም እንጂ ራሷ መጻፍ ቀርቶባት ነበር። አንድ ቀን የዓመቱ ሪፖርት ታትሞ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው፤ "ይህ የእኔ ነው" የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር አጣች። በዚያው ወር መልቀቂያ አስገባች። መርሳ የመጣችው የቤት ኪራይ ስለማይጠብቃት ነው። ኢንተርኔቱም መብራት እስካልጠፋ ድረስ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው የሰው ጽሑፍ በማረምና ለሰው በመጻፍ ነው፤ የአንዱ ድርጅት ብሮሹር፣ የአንዱ ተማሪ የማስተርስ ጥናት፣ የአንዱ ነጋዴ ድረ ገጽ። ሰፈሩ ግን ይህን ሥራ ብሎ አልተቀበለውም። "የሐጂ ልጅ ከሥራ ወጥታ መጣች" ነው የሚባለው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ እንደ በሽታ።

ኡበይደላ የሐጂ ተከራይ ነው፤ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከግራና የመጣ የገበሬ ልጅ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ስፌት ገባ። በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ግራና አድርሶ፣ ሲረጋ መልሶ ያመጣ ሰው ነው። ናጅዋን "እርስዎ" ይላታል። እሷ "አንተ" ትለዋለች። በዕድሜ ግን እሱ ይበልጣታል።

ናጅዋ ጽሑፍ የምታርመው ጮክ ብላ በማንበብ ነው። መሥሪያ ቤት ሳለች የተማረችው ደንብ አጭር ነበር፦ ሰሚ የቆመበት ቦታ ይውጣ። አድማጭ ቀና ካለ፣ ካመነታ፣ ሐሳቡ ከተያዘ፣ እዚያ ጋ ጽሑፉ እክል አለበት ማለት ነው። መርሳ ከገባች ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር አስተዋለች። ስታነብ የስፌቱ ድምፅ አንዳንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ያውም ዓረፍተ ነገር መሐል። መጀመሪያ ክር የተበጠሰበት መሰላት። ያንኑ አንቀጽ በሌላ ቀን አነበበችው፤ እዚያው ቃል ላይ ቆመ። በሌላም ቀን ደገመችው፤ እዚያው። ከዚያ ወዲህ ስፌቱ በቆመ ቁጥር በወረቀቱ ዳር ቀጭን የእርሳስ መስመር ታሰምር ጀመር። የተሰመረበትን ሁሉ አወጣችው።

ለምን እንደሚቆም ጠይቃው አታውቅም። መጠየቅ ማለት "እንደምትሰማኝ አውቃለሁ" ማለት ነው። ያን ካለች ደግሞ ጠረጴዛዋን ከመስኮቱ ሥር አንስታ ወደ ግድግዳው ለምን እንዳስጠጋች መናገር ሊኖርባት ነው።

ትልቁ ሥራ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ወልዲያ ላይ የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ ሮማን የምትባል ሴት፣ ለአባቷ ለአቶ ገበየሁ ሰማንያኛ ዓመት የሕይወት ታሪካቸውን አስጽፋ ልታበረክትላቸው ፈለገች። አቶ ገበየሁ ዕድሜ ልካቸውን በደሴና በወልዲያ መካከል አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ናጅዋ እየተመላለሰች አዳመጠቻቸው፣ ጻፈች፣ ጮክ ብላ አነበበች፣ ስፌቱ የቆመበትን አወጣች። የመጨረሻውን ምዕራፍ ባነበበች ቀን ስፌቱ አንድም ጊዜ አልቆመም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሄደ። ናጅዋ እርሳሷን አስቀምጣ ለብቻዋ ፈገግ አለች፤ እክል የሌለበት የመጀመሪያ ምዕራፏ ነበር። በዚያው ዕለት መጽሐፉን በሙሉ ለሮማን ላከችው።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤ የድሮ አለቃዋ ናቸው። "ቦታሽ ተከፍቷል። እስከ ሰኞ ካላሳወቅሽን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን" አሉ።

ናጅዋ ለራሷ ቁርጥ አደረገች። ሮማን መጽሐፉን ከተቀበለችው መርሳ ትቀራለች፤ ካልተቀበለችው ትመለሳለች። ጉዳዩ የሥራ ጉዳይ ብቻ መስሏት ነበር። ስልኩን ዘግታ ስትቀመጥ ግን ዓይኗ ወደ ኮምፖርሳቶው ሄደ። ከዚያ ወዲያ መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ ሰማች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሮማን "ነይና እንነጋገር" ብላ ጠራቻት።

ሱቁ ከወልዲያ መናኸሪያ ብዙ አይርቅም። አቶ ገበየሁ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለያሉ። ናጅዋን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ፤ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

"ደኅና ነሽ ልጄ? ሐጂስ ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው አባባ። አነበቡት?"

"ሮማን አነበበችልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደክመሽበታል።" ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሙሉ የት ገባች?"

ሙሉ የሞቱት ባለቤታቸው ናቸው።

"አሉ እኮ አባባ፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ። የተጋባችሁበት ቀን፣ ቦታው፣ ሚዜዎቹ..."

"ቀኑማ አለ" አለች ሮማን ከባንኮኒው ጀርባ፤ የታተመውን ወረቀት ከፊቷ ዘርግታለች። "ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ ሰሌዳ ቁጥሩ ሳይቀር አለ። የአባቴ አውቶቡስ አለ። አባቴ የለም።" ቀና ብላ አየቻት። "አትቀየሚኝና ናጅዋ፣ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይስ ያ የመድን ድርጅት?"

ናጅዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

"ክላክሱ የት ሄደ? አባባ ሲነግርሽ እኔም ነበርኩ። እናቴ ያኔ መርሳ መግቢያ ላይ ብርቱካን ትሸጥ ነበር። እሱ ከኩርባው ላይ ሁለቴ ክላክስ ያደርግ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከሩቅ ሰምታ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። አንቺም ስትሰሚ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ነበር። የት ጣልሽው?"

"አውጥቼው ነው" አለች ናጅዋ ቀስ ብላ።

"ለምን?"

ስፌቱ ስለቆመ ነው ማለት አልቻለችም።

"አንድ ቦታ ብቻ አባቴን አገኘሁት" አለች ሮማን፤ አሁን ድምጿ ለስልሷል። የመጨረሻውን ምዕራፍ አወጣችና በመዳፏ ሸፈነችው። "እዚህ ላይ። አውቶቡሱ ላይ ስለተሳፈረችው እናት የጻፍሽው ላይ። ሱቄን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት። የቀረውም እንደዚህ ከሆነልሽ አሳትመዋለሁ። ካልሆነልሽም ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

አቶ ገበየሁ ከበሩ ላይ "ተያት እንጂ፤ ልጅቷን አታስጨንቂያት" አሉ። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርገው ጨመሩ፤ "ሙሉ ብትኖር ግን 'እኔን የት ጥለሽኝ ሄድሽ' ትልሽ ነበር።"

ናጅዋ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ቦርሳዋን ከፈተች። መስመር ያሰመረችባቸው የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ውስጡ ነበሩ። ስሪንቃን እስክታልፍ አንድ በአንድ አየቻቸው። ክላክሱ፤ በዳሩ መስመር አለ። ነጠላዋን የምታስተካክለው ሙሉ፤ መስመር አለ። አቶ ገበየሁ ጡረታ በወጡበት ቀን መሪውን በመዳፋቸው ያበሱት፤ መስመር አለ። ሮማን የጠየቀችው ሁሉ ኡበይደላ የቆመበት ነበር።

ታዲያ ሮማን የወደደችውን ብቸኛ ምዕራፍ እሱ ለምን ሳይቆም አሳለፈው?

ሁለቱ ነገሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ወይ ኡበይደላ የሚቆመው ሲሰለቸው ነው፤ ከዚያ ሮማንና እሱ በአንዱም ነገር አይስማሙም ማለት ነው። ወይ ደግሞ የሚቆመው በሌላ ምክንያት ነው። ያን ሌላ ምክንያት ልታስበው ስትጀምር ፊቷ ጋለ። መስኮቱን ብትከፍተውም ሙቀቱ አልበረደላትም።

*

ሐጂ ሙሐመድዘይን የእህል መጋዘናቸው በር ላይ ጆንያ ሲያስቆጥሩ ደረሰች።

"መጣሽ?"

"መጣሁ አባ።"

"ገበየሁ ደኅና ነው? ያ ሰው ስንቱን አመላልሷል! ብቻ ክላክሱን አይወዱለትም ነበር። መርሳ ሲገባ ሁለቴ ይነፋዋል፤ እኛ ከነአህያችን ገደል ልንገባ እንደርስ ነበር።" ሠራተኛውን በእጃቸው አሰናበቱና ወደ እሷ ዞሩ። "የአዲስ አበባዎቹ ደወሉ?"

"እኔ ነኝ የምደውለው። እስከ ሰኞ።"

"ደውዪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?" ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነው የሚመስለው። "ናጅዋ፣ እኔ አንቺን ያስተማርኩሽ ተማሪ ቤት ራሴ ስላልገባሁ ነው። መስጊድ ስወጣ 'ልጅዎ ምን ትሠራለች?' ይሉኛል። ባንክ ናት ብል፣ ሐኪም ናት ብል ይገባቸዋል። የሰው ወግ ትጽፋለች ብዬ ማንን ላስረዳ?"

"የሰው ወግ ትጽፋለች ይበሏቸው አባ።"

"ይሁን ግዴለም። አላህ ያለው ይሆናል።" የመጋዘኑን በር ገርበብ አደረጉ። "አንቺም ከሄድሽ ሁለቱም ክፍል ሊለቀቅ ነው። የጎንሽ ልጅ ዛሬ ቁልፉን መለሰልኝ።"

"ማን?"

"ኡበይደላ። ነገ ግራና እገባለሁ አለ። ምን በደልኩህ አልኩት፤ ኪራይ አልጨመርኩበትም። 'የለም ሐጂ፣ በእኔ ምክንያት ሥራው የተበላሸበት ሰው አለ' አለኝ። የማን ሥራ እንደሆነ እንጃ። ጨዋ ልጅ ነበር።"

ናጅዋ የማን ሥራ እንደሆነ ገባት። ጸሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ መንገዱ ላይ ሰዉ ከገበያ ይመለሳል፤ ባጃጆች ይጮኻሉ። እሷ ግን የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከክፍሎቹ አቅጣጫ ምንም የስፌት ድምፅ አልነበረም። አንድ ሰው ሳይለያት በፊት ሊናፍቃት እንደሚችል ያን ጊዜ አወቀች።

*

የኡበይደላ በር ክፍት ነው። ምስማሮቹ ባዶ ናቸው፤ ልብሶቹ ታጥፈው በማዳበሪያ ከረጢት ገብተዋል። እሱ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተንበርክኮ የመኪናውን እግር የሚያስርበት ገመድ ያዘጋጃል።

"አሰላሙ አለይኩም።"

ብድግ አለ። "ወአለይኩም ሰላም። ይግቡ። ወንበሩ ላይ ዕቃ አለ፤ ላንሣልዎት።"

"ቆሜ እናገራለሁ። ቁልፍ መለስክ አሉኝ።"

"መለስኩ።"

"ለምን?"

ገመዱን በእጁ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ መልሶ ጠቀለለው። "ሐጂ አልነገሩዎትም?"

"ነግረውኛል። ከአንተ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።"

"እርስዎን ስረብሽ ከረምኩ" አለ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። "አውፍ ይበሉኝ። ሌላ ምንም የለም።"

"በምን ረበሽከኝ?"

"በመስማቴ።"

ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ናጅዋ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች።

"መጀመሪያ ላይ ሳላስበው ነው" አለ ኡበይደላ። "እየሰፋሁ እሰማለሁ። የሆነ ነገር ደስ ሲለኝ እግሬ ራሱ ይቆማል። ካለፈ በኋላ ነው የማውቀው። በሳምንቱ ያንኑ ታሪክ እንደገና ሲያነቡት እጠብቃለሁ፤ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እላለሁ። አትመጣም። ወጥታለች። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። ሁልጊዜ ነው። ያቺ ክላክስ የሚነፋላት ሴትዮ እንኳ ሳትቀር ጠፋች። ያኔ ገባኝ።"

"ምን ገባህ?"

"መቆሜን እንዳወቁብኝ ነዋ። የወደድኩትን እየለዩ ሲያወጡት፣ አትስማ ማለትዎ ነው ብዬ ያዝኩት። በአፍዎ ቢናገሩ እንዳላፍር ብለው፣ በጨዋነት።"

ናጅዋ ቅድም እምቢ ባለችው ወንበር ላይ፣ ከነዕቃው፣ ቁጭ አለች።

"የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳነብ አልቆምክም" አለች። "አንዴም አልቆምክም።"

"አልቆምኩም።"

"አልወደድከውም ማለት ነው?"

ኡበይደላ ጎንበስ ብሎ የስፌት መኪናውን መንኮራኩር በጣቱ ገፋው፤ መርፌው ባዶውን ወጣ፣ ወረደ።

"እንዲህ ነበር" አለ። "ከሥሩ ጨርቅ አልነበረም። ክርም አልነበረበትም። ቀድሜ አውጥቼዋለሁ። እርስዎ ማንበብ ሲጀምሩ መርገጥ ጀመርኩ፤ እስኪጨርሱ ዝም ብዬ ረገጥኩ። ስለዚያች እናት ሲያነቡ..." መንኮራኩሩን በመዳፉ አቆመው። "ልጇ እቅፏ ውስጥ ሞቶባት፣ ከአውቶቡስ ያወርዱኛል ብላ ፈርታ፣ ለማንም ሳትናገር ከውጫሌ ጀምሮ እንደተኛ ልጅ አቅፋው የመጣች ጊዜ። ሹፌሩ በመስታወት አይቷት ገብቶት፣ ገላው እንዳይንገላታባት ብሎ እስከ መርሳ አውቶቡሱን በቀስታ ሲነዳ፣ ሰው ሁሉ 'ምን ነካህ፣ አህያ ነው የምትነዳው?' እያለ ሲሰድበው፣ እሱ 'ሞተር ግሎብኝ ነው' ሲላቸው... እንባዬ እጄ ላይ ይወርዳል፤ እግሬን ግን አላቆምኩም።"

"ለምን?"

"ካቆምኩ ያወጡታላ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። "የቀረው ሁሉ ይውጣ። ያቺ እንኳ ትትረፍ ብዬ ነው።"

ናጅዋ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ኡበይደላ ግራ ገባው፤ አንድ እርምጃ ቀረበ፣ መለስ አለ።

"አስለቀስኩዎት። አብሽሩ፣ ነገ እሄዳለሁ እኮ።"

"ሰለቸህ ብዬ እኮ ነው!" አለች ከሻሹ ሥር፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። "ስትቆም ሰለቸህ ብዬ ነው ያወጣሁት። ሰሚ የቆመበት ይውጣ ብለው ነው ያስተማሩኝ።"

"ማን ነው እንዲህ ያለዎት?"

"መሥሪያ ቤት።"

"የሰው ነገር የማያውቁ ናቸው" አለ ኡበይደላ ከልቡ ተገርሞ። "ሰው የሰለቸውን ነገር ሲሰማ መስፋቱን ነው የሚቀጥለው። የእርስዎን ብሮሹሮች ሲያነቡ ስንት ሱሪ እንደጨረስኩ ቢያውቁ!"

ናጅዋ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀቶቹን አውጥታ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። ኡበይደላ አንዱን አነሣ፤ ሌላውን አነሣ። ጣቱን በዳር ላይ ባሉት የእርሳስ መስመሮች ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈ።

"ይህ ሁሉ እኔ የቆምኩበት ነው?"

"አንተ የቆምክበት ነው። አንድም አላመለጠኝም።"

የቀን ብርሃን በበሩ በኩል እየሳሳ ሄደ።

"እኔ ብቻ የምሰማ መስሎኝ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ጠረጴዛዬን ለምን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት ብለህ ታስባለህ? መስኮቱ ሥር ብርሃን አጥቼ ነው?"

ወረቀቱን እንደ ውድ ጨርቅ አድርጎ አስቀመጠው። "ሰኞ አዲስ አበባ ይመለሳሉ ይባላል" አለ። "መንገዱ ሁሉ የሚያወራው ይህን ነው። እኔ የአባትዎ ተከራይ ነኝ። ይህን ልልዎ አይገባኝም..."

"አንቺ በለኝ።"

"አፌ አልለመደውም።"

"አስለምደው።"

ኡበይደላ ከንፈሩን አረጠበ። "ናጅዋ" አለ። ስሟን ብቻውን ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ ያለ "እርስዎ"፣ ያለ "የሐጂ ልጅ"። "አንቺ... ትሄጃለሽ?"

ናጅዋ ከወንበሩ ተነሣች። ዓይኖቹን በቅርብ አይታቸው አታውቅም፤ ሲሰፋ አጎንብሶ፣ ሲያናግራት መሬት እያየ ነው የኖረው።

"እርስዎስ" አለችው በቀስታ፤ "ይሄዳሉ?"

ኡበይደላ እጁ ላይ ያለውን ገመድ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የማዳበሪያውን ከረጢት ፈታ፤ ከላይ ያለውን ያላለቀ ቀሚስ አወጣና በምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው። ሌላውንም ሰቀለ። ናጅዋ ሦስተኛውን አቀበለችው። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ የቀሩትንም አብረው ሰቀሉ።

*

ሰኞ ጠዋት ናጅዋ ደወለች። "አልመለስም" አለች። "የዓመቱን ሪፖርት ጥሩ አድርጎ የሚያርምላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ግን ከዚሁ ከመርሳ እሠራዋለሁ፤ በራሴ ዋጋ።" የድሮ አለቃዋ ሳቁ። ከዚያ ዋጋውን ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ መስመር ያለባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ወደ መጽሐፉ መለሰቻቸው። ስታነብ ስፌቱ በደስታ ይቆማል፤ እሷም ቆም ብላ ትጠብቀዋለች፤ ሲጀምር ትጀምራለች። የክላክሱን ቦታ ባነበበች ቀን ሐጂ ሙሐመድዘይን የክፍሎቹን ጣሪያ ሊያዩ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ብቅ አሉ።

"ምን አልሽ አንቺ? ክላክሱ ለሴት ነበር?"

"ለባለቤታቸው አባ። ያኔ ገና ብርቱካን ስትሸጥ።"

ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ምሽት መስጊድ በር ላይ ለጓደኞቻቸው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደተናገሩት ናጅዋ በኋላ ሰማች። አንዱ ሽማግሌ "ይህን ማን ነገረህ?" ቢሏቸው "ልጄ ጽፋው" ብለዋል። ይህን ስትሰማ ያለቀሰችው ለብቻዋ ነው።

ኡበይደላ ሽማግሌ ላከ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሲመጡ ሐጂ "ልምከርበት" ብለው መለሱ። ደንብ ብቻ ግን አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነው፣ ተከራዬ ነው፣ ሰው ምን ይላል፤ ይህን ሁሉ ለናጅዋ ነግረዋታል። እሷም አልተከራከረችም። "እርስዎ ሳይወዱ አላገባም አባ። እሱን ሳላገባም ሌላ አላገባም" ብላ ዝም አለች።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ አንድ ሰው ጨምረው መጡ። ከወልዲያ በኩል የሚመጣ የቤት መኪና ከኩርባው ላይ ሁለቴ ክላክስ ሲያደርግ ሐጂ ሳያስቡት ወደ መንገዱ ዳር ሸሹ። መኪናዋን የምትነዳው ሮማን ናት፤ ክላክሱን የነፉት ከጎኗ የተቀመጡት አቶ ገበየሁ ናቸው።

"አንተ ሰውዬ!" አሉ ሐጂ። "ያን ሁሉ ዓመት ከነአህያችን ስታሸሸን የኖርከው ለሚስትህ ነበር?"

"ለሚስቴ ነበር" አሉ አቶ ገበየሁ እየተደገፉ ሲወርዱ። "ዛሬ ደግሞ ለልጅህ ነው። ከመንገድ ላይ ዞር በልልኝ ሐጂ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ እንግዳቸውን ክንዳቸውን ይዘው አስገቡ፤ አስቀመጡ። "ልጅቱ ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቁኝ ዛሬም መልስ የለኝም ገበየሁ" አሉ። "ባሏ ምን ይሠራል ሲሉኝ ደግሞ ልብስ ሰፊ ልል ነው።"

አቶ ገበየሁ ከኮታቸው ውስጥ ሮማን ያሳተመችውን አዲሱን መጽሐፍ አወጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው በጣታቸው ጠቆሙ። የእሳቸው ስም ከላይ ነው። ከሥሩ "ጸሐፊ፦ ናጅዋ ሙሐመድዘይን" ይላል።

"ያንተም ስም አለበት" አሉ። "የሚጠይቅህን ሰው ወደዚህ አምጣው። ልጁን በተመለከተ ደግሞ፣ ናጅዋ ሁሉንም ነግራኛለች፤ እኔ ብዙ ሰው ጭኛለሁ። ለሌላ ሰው ሐዘን ብሎ እግሩን የተቆጣጠረ ሰው ግን ከራሴ ሌላ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።"

ሐጂ መጽሐፉን ተቀብለው የስማቸውን ፊደላት እስኪያገኙ በጣታቸው ተከተሉ። ከጓዳ በር ኋላ ናጅዋ ቆማለች። አባቷ "ይሁን፤ ፋቲሐ እንቅራ" ሲሉ ሰማች። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ኒካሑ ከረመዳን በፊት ታሠረ። በኮምፖርሳቶው ላይ በር ተበጀለት። በረመዳን ናጅዋ የአዲስ አበባውን ሪፖርትና ሌላ አዲስ መጽሐፍ ስታነብ ከረመች፤ ሁለቱም በቀጠሯቸው ቀን ደረሱ። ለዒድ ከታዘዙት ልብሶች ግን ሦስቱ ሳይደርሱ ቀሩ። አንዱ የሐጂ ሙሐመድዘይን ጀለቢያ ነበር።